«በሬዬስ?»

(ደሴ ላይ ለቅሬ፣ ማለትም ለእድር፣ ዳኞች፣ ለሽማግሌዎችና ለሰፈር ወጣቶች ያደረግሁት ንግግር ነው። ከቀረጻው የገለበጠችልኝ የእህቴ ልጅ ናት፤ እኔ ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ነው የነካካሁት።)

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤና ይስጥልኝ። እንደምን አረፈዳችሁ?

ሼሆቻችን፣ ቄሶቻችን፣ የቅሬ ዳኞች፣ እናቶቼ፣ እህቶቼ። ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋችሁ የቆማችሁ ልጆች፣ ፊት ለፊት ወንበር አለ፤ ኑ ቁጭ በሉ። ፊት የተቀመጠ ይጠየቃል ብላችሁ ከሆነ ዛሬ ማንንም አልጠይቅም። አብሽሩ፣ ኑ።

ከመጀመሬ በፊት ማዕረጋችንን እናስተካክል። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ዳኛ ነበርሁ፤ አሁን ጡረተኛ ነኝ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ግን ከኔ የሚበልጡ ዳኞች ተቀምጠዋል። እኔ የፈረድሁበት ሰው ይግባኝ ይላል። የቅሬ ዳኛ የፈረደበት ሰው ይግባኙን የት ይላል? (ሳቅ) ቀብር ቀርተሃል፣ ተቀጥተሃል ከተባለ ከፍሎ መውጣት ነው። ስለዚህ የምናገረው ለባልደረቦቼ ነው፤ እንደ ባልደረባ ስሙኝ።

ሦስት ነገር አነሳለሁ ብዬ ነው የመጣሁት። አንዱ ፍርድ ቤት ውስጥ ስለሚረሳ ሰው ነው። ሁለተኛው ስለ ሽምግልናችን ነው፤ እዚያ ላይ የማትወዱትን ነገር ስለምናገር ከወዲሁ ይቅርታ። ሦስተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው። ገንዘቡን መጨረሻ ያደረግሁት ሰው ጥሎኝ እንዳይወጣ ነው።

እንግዲህ ወደ አንደኛው።

ዘመኑ 1989 ዓ.ም. ነው። ዳኝነት ከተሾምሁ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። የወረዳውን ስም አልጠራም፤ እዚሁ ወሎ ውስጥ ነው፣ ደጋ ነው። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አንድ በሬ ነበራት። አንድ በሬ ያለው ሰው እንዴት እንደሚያርስ ታውቃላችሁ፤ አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር መቀናጆ ይገባል፣ ሁለቱ ተጠምደው ተራ በተራ ይታረሳል። ሴትዮዋ ራሷ አታርስም፤ ሰው ነው የሚያርስላት። ነገር ግን በሬ ስላላት ከአራሹ ጋር ትደራደራለች፣ ድርሻዬ ይህን ያህል ነው ትላለች። በሬ የሌላት ሴት የሰጧትን ነው የምትቀበለው።

ያንን በሬ አንድ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ሌሊት ፈትቶ ቆላ አውርዶ ሸጠው። ተያዘ። ገንዘቡ ግማሹ ለዕዳ፣ ግማሹ እንደምታውቁት አልቋል። ችሎት ቀርቦ ክሱ ሲነበብለት አልዞረም፣ አልካደም፤ «አጥፍቻለሁ» አለ። እኔም ጎበዝ ዳኛ ነኝ፣ መዝገብ አላሳድርም፤ ማቅለያውን አይቼ፣ ማክበጃውን አይቼ፣ ሁለት ዓመት ከስድስት ወር ፈረድሁ። ዐቃቤ ሕጉ ረካ። ፖሊሱ ረካ። እኔም ረካሁ። መዝገቡን ዘጋሁ።

ሴትዮዋ ከኋላ ወንበር ብድግ አለች። ነጠላዋን አደግድጋ፣ «ጌታዬ፣ በሬዬስ?» አለችኝ።

«እማማ፣ ሰውዬው ተፈርዶበታል እኮ» አልኋት።

«እሱስ ታሰረ። በሬዬስ?»

ችሎት አስከባሪው ክንዷን ይዞ «እማማ፣ ይውጡ፣ ሌላ መዝገብ ሊገባ ነው» አላት። ወጣች። ሌላ መዝገብ ገባ።

እስቲ ንገሩኝ፣ ያን ቀን እዚያ ችሎት ውስጥ የተበደለው ማን ነበር? ክሱ ላይ የተጻፈው ከሳሽ ዐቃቤ ሕግ ነው። ተከሳሹ ልጁ ነው። እሷ ማን ናት? አንደኛ የዐቃቤ ሕግ ምስክር። በቃ! በሬው የሷ፣ እንባው የሷ፣ የክረምቱ ረኀብ የሷ፤ በመዝገቡ ላይ ግን ምስክር ናት። መስክራ ስትጨርስ «አመሰግናለሁ፣ ይሂዱ» የሚሏት ሰው ናት።

ሕጉ ነው እንዲህ ያደረጋት እንዳትሉኝ። ይህን ለሕግ ተማሪዎች ስነግራቸው ያፈርሁበትን ያህል ዛሬም አፍራለሁ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 የተበደለ ሰው ካሣውን እዚያው የወንጀሉ ችሎት ላይ መጠየቅ ይችላል ይላል። መቼ ነው የሚጠይቀው? ነገሩ መሰማት ሲጀምር። እሷ የጠየቀችው ሲያልቅ ነው። ሲጀምር ማን ይንገራት? እኔ አልነገርኋትም። ሕጉ ነበረ፤ አፉ የኔ አፍ ነበር፤ የኔ አፍ ዝም አለ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አላለቀም። ከአምስት ዓመት በኋላ ማረሚያ ቤት ለጉብኝት ሄጄ እስረኛ ቅሬታ ስንሰማ አንዱ ከሰልፉ ወጥቶ «ክቡር ዳኛ፣ ረሱኝ?» አለኝ። ያ ልጅ ነው። በሬ መስረቅ ትቶ በሰው ላይ አድብቶ መዝረፍ ተምሯል፤ ሌላ ፍርድ ቤት ሰባት ዓመት ሰጥቶታል። የት ተማርኸው ብዬ አልጠየቅሁም፣ አውቀዋለሁ፤ ያስገባሁት እኔ ነኝ። አንድ ነገር ግን ጠየቅሁት፤ «ያን ጊዜ በሬውን መመለስ አትችልም ነበር?»

ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አጎቴ ወይፈን ነበረው እኮ። ሽማግሌ ቢላክበት ይሰጥልኝ ነበር። መልስ ያለኝ ሰው የለም።»

«ታዲያ አንተ ለምን ልመልስ አላልህም?»

«ተከሳሽ ይጠየቃል እንጂ ይጠይቃል?»

ወይፈኑ ነበረ፣ ጎበዝ! ከችሎቱ ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ፣ አጎቱ በረት ውስጥ ቆሞ ነበር። አንድ ሰው ብቻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ማን ተጎዳ? ምን ይጠግነዋል?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ያ ወይፈን ለመኸሩ ይደርስ ነበር።

አንድ ስሌት ልጨምር፤ እንደው ለስሌት ያህል ነው። ሁለት ዓመት ከስድስት ወር ወደ 912 ቀን ነው። እስረኛው በቀን የሁለት ብር እህል በላ እንበል። 1,824 ብር። ዘበኛውን አልቆጠርሁም፣ ቤቱን አልቆጠርሁም። በዚያን ጊዜ መካከለኛ የእርሻ በሬ ሰባት መቶ፣ ስምንት መቶ ብር ነበር። መንግሥት ያንን ልጅ ባለሙያ ዘራፊ ለማድረግ የሁለት በሬ ዋጋ ከነቀንበሩ አውጥቷል ማለት ነው። ለሴትዮዋ ደግሞ ባዶ እጅ።

የኖርዌዩ የወንጀል ሊቅ ኒልስ ክሪስቲ በ1977 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አንድ ነገር ጽፏል፤ ጠብ የጠበኞቹ ንብረት ነው፤ መንግሥትና የሕግ ባለሙያ ግን ከእጃቸው ወስዶ የራሱ አደረገው ይላል። ሳነበው በሬው ታወሰኝ። ልጁ በሬዋን ሰረቀ። እኔ ደግሞ ጉዳይዋን። ሁለት ጊዜ ተሰረቀች።

ይህን ነገር ሌላው ዓለም እንዴት ያዘው? አንዱን ብቻ ልንገራችሁ፤ ቀላልና ደስ የሚል ስለሆነ ነው። በ1974 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ ካናዳ ውስጥ ኤልማይራ በምትባል ትንሽ ከተማ ሁለት ጎረምሶች ጠጥተው በአንድ ሌሊት የ22 ሰው ንብረት አበላሹ። ጎማ ቀደዱ፣ መስኮት ሰበሩ። የአመክሮ ሠራተኛው ለዳኛው አንድ ሐሳብ አቀረበለት፤ እነዚህ ልጆች ከመታሰራቸው በፊት ለምን እየዞሩ የበደሏቸውን ሰዎች አያገኙም? ዳኛው እሺ አለ። ልጆቹ በር እያንኳኩ «መስኮትዎን የሰበርሁት እኔ ነኝ» አሉ። በር ማንኳኳት ቀላል መስሏችኋል? እስር ቤት መግባት ይቀላል! እስር ቤት ማንም ዓይን ዓይንህን አያይህም። ጉዳቱን አስልተው በጥቂት ወራት ውስጥ ከፈሉ። ከዚያች ትንሽ ከተማ የተነሣው አሠራር ዛሬ በብዙ አገር አለ። ኒውዚላንድ በ1989 ለወጣት አጥፊዎች የቤተሰብ ጉባኤ ብላ በሕግ አወጣችው፤ መሠረቱ ከማኦሪ ሕዝብ ልማድ ነው። አጥፊው፣ ወላጆቹ፣ አጎት አክስቱ፣ የተበደለው ሰው፣ ፖሊሱ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ባለሙያዎቹ ተሃድሷዊ ፍትሕ ይሉታል። እኔ የሚጠግን ፍትሕ ልበለው።

አሁን ፊታችሁ ላይ ምን እንደተጻፈ አውቃለሁ። «ይኸማ የኛ ነው! ከዛፍ ሥር ተቀምጠን ስንሠራው የኖርነው ነው፤ ፈረንጅ ደርሶ ሊያስተምረን?» ልክ ናችሁ። ልክ ናችሁ፤ ግን ቆዩ።

ሁለተኛው ነገር ይኸው ነው።

ወሎ አበጋር፣ ደመኛ የሚያስታርቅ ሽማግሌ፣ አለው። ወሎ ደም ማድረቅ ያውቃል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ባንድ ምንጣፍ ተቀምጦ፣ ሼሁ ዱዓ አድርጎ፣ ቄሱ መስቀል ይዞ ደመኛን ያስታርቃል። ነፍስ ጠፍቶ ሃያ ሰው ሊተላለቅ ሲል ሃያውን ያዳነው ፖሊስ አይደለም፣ ሽማግሌ ነው። ይህን የሚክድ የወሎን ምድር ያልረገጠ ነው። አንድ ገዳይ ሃያ ዓመት ቢታሰርም ባለደሙ ካልታረቀ ከእስር የሚወጣበትን ቀን እየቆጠረ ጥይት ይገዛል። የፍርድ ቤቱ ፍርድ ደሙን አላደረቀውም። ይኸ እውነት ነው።

አሁን ደግሞ የማትወዱትን ልንገራችሁ።

ልጅ ሳለሁ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ነው፣ በእናቴ አገር በመስኖ ውኃ ተራ ተጣልተው ሰው ሞተ። የገዳይ ወገን ከብቱን ነድቶ ተሰደደ። ዓመት ሙሉ አንዱ በሄደበት ገበያ ሌላው አይሄድም። በመጨረሻ ሽማግሌ ገባ፣ አበጋሩ መጡ፣ ቀን ተቆረጠ። እኛ ልጆች አጥር ላይ ተንጠልጥለን እናያለን። ገዳዩ ባዶ እግሩን፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ መጣ። የሟች ወንድሞች ፊታቸውን አዙረው ቆሙ። ሽማግሌዎቹ ለመኑ፣ ለመኑ፣ ለመኑ። ትልቁ ወንድም ድንጋዩን ከትከሻው አወረደለት። ሰው ሁሉ አለቀሰ። ከብት ታረደ፣ ተማማሉ፣ ቡና ተጠጣ። ደሙ ደረቀ። እስካሁንም በዚያ ጉዳይ አንድ ጥይት አልተተኮሰም።

ለብዙ ዓመት ይህን ታሪክ በየመድረኩ እየተነሣሁ በኩራት እናገረው ነበር። አንድ ቀን እናቴ ቤት ሆኜ ሳወራው እናቴ ሰማችና «ሚስትየዋ የት እንደነበረች ታውቃለህ?» አለችኝ።

አላውቅም። አይቻት አላውቅም።

«ጓዳ ነበረች። ያን ቡና ያፈላችው እሷ ናት» አለችኝ።

(ዝምታ)

የባሏን ገዳይ ቡና ቀድታ አጠጣችው። ታርቀሻል ወይ ያላት የለም። ምን ትፈልጊያለሽ ያላት የለም። ካሣው ለወንድሞች ሆነ፤ እናቴ እንዳለችኝ ለእሷ የደረሳት አንዲት ጊደር ናት። አራት ልጅ ይዛ። የኔ ችሎት ያቺን ሴት «ምስክር» አላት፤ የኛ ሽምግልና ይህችን ሴት ምንም አላላትም። የቱ ይሻላል?

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንላለን። ሽምግልናችን ቤተሰብን ከቤተሰብ፣ ጎሣን ከጎሣ ማስታረቅ ያውቃል። ሰውን ከሰው ማስታረቅ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ደም ማድረቁን ችሎበታል፤ እንባ ማድረቁን ገና አልቻለበትም። በዚህ ላይ የድኻውን ነገር ጨምሩበት። ባለጸጋው ሲበድል ሽማግሌው ድኻው ቤት አሥር ጊዜ ይመላለሳል፤ «ተው እንጂ፣ ለሽማግሌ ብለህ፣ ለጫማችን ብለህ» ይባላል። ድኻው ሲበድልስ? «ሕግ ይያዘው» ነው። እውነት አይደለም? ጭንቅላት ስትነቀንቁ አያለሁ፣ ጥሩ።

የሴት ልጅን ነገርማ ምን ልበላችሁ። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የጠለፈ ሰው የጠለፋትን ካገባት ከክስ ይድን ነበር። ሽማግሌ ተልኮ፣ ጥሎሽ ተከፍሎ፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከጠላፊዋ ጋር «ታረቀች» ይባል ነበር። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይህን ዘጋው፤ ጋብቻው ክሱን አያስቀርም አለ። ተዘጋ ማለት ግን ቀረ ማለት አይደለም። በዳኝነት ዘመኔ የተደፈረች ልጅ የሐኪም ምርመራ ውጤት ከመዝገብ ጋር ተያይዞ ሳለ ምስክሮች አንድ በአንድ «አላየሁም» ሲሉ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ለምን? ከውጭ ታርቀዋል። ማን ታረቀ? አባቷ። አባቷ ነው ወይ የተደፈረው? እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ ሽማግሌዎች፣ እግራችሁ ላይ ወድቄ የምለምነው ይህን ነው። አስገድዶ መድፈር፣ ጠለፋ፣ የሕፃን ልጅ ነገር ሲመጣባችሁ «ይኸ የኛ አይደለም» በሉ። ያ ነገር በሽምግልና ከፍርድ ቤት የሚሰረቅ ነገር አይደለም።

ሩዋንዳም ተምራበታለች። ከዘር ፍጅቱ በኋላ እስር ቤቱ ቢሞላ፣ መደበኛው ፍርድ ቤት ቢዳኝ መቶ ዓመት የሚፈጅ ቢሆንባት፣ ጋቻቻ የተባለውን የቀዬ ሸንጎ በሕግ አቋቋመች። ጋቻቻ ማለት ሣር ነው፤ ሣር ላይ ተቀምጦ መዳኘት። ከ2002 እስከ 2012 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጉዳይ አየ። ብዙ ሰው አጽም የተቀበረበትን ያወቀው እዚያ ነው። በሌላ በኩል ግን ተከሳሹ ጠበቃ አልነበረውም፤ በቂም የተከሰሰ፣ ፈርቶ ዝም ያለ ምስክር ነበረ። ሣር ላይ መቀመጥ ብቻውን ፍትሕ አያመጣም ለማለት ነው ያነሳሁት።

ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትሉኝ? ሽምግልናውን እንጣለው? ያ ጥጋብ ነው። እኔ የምለው ሽማግሌ ሲቀመጥ የመጀመሪያውን ቃል የሚናገረው የተበደለው ሰው ይሁን፤ ወንድሙ አይደለም፣ አባቱ አይደለም፣ ራሱ። ሴት ከሆነች ራሷ። አልታረቅም ካለች መብቷ ነው፤ «ለጫማችን ብለሽ» አይባልም። ከሽማግሌዎቹ መካከል ሴት ትኑር፤ ቡና ለማፍላት ሳይሆን። አጥፊው የሚጠግነው ነገር ይጻፍ፤ ምን፣ መቼ፣ በማን ዋስትና። ያ ጽሑፍ ደግሞ ለዐቃቤ ሕግና ለፍርድ ቤት ይሂድ፤ ተደብቆ አይቅር።

ሕጉስ ይቀበለናል ወይ ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። በሩ ተንገርብቦ ነው ያለው፤ ወለል ብሎ አልተከፈተም፣ አልተቆለፈምም። በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስሱ ወንጀሎች አሉ፤ እነሱ ላይ ተበዳዩ ከታረቀ ነገሩ ያልቃል። ለሌሎቹ ደግሞ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ከልብ የተጸጸተ፣ ጥፋቱን ያመነ፣ የተጎዳውን የረዳ፣ በተቻለው መጠን የካሰ ሰው ቅጣቱ ይቀልለታል ይላል። ይህን አንቀጽ ዳኛ ያለማስረጃ አይሠራበትም። ማስረጃው ከየት ይመጣል? ከናንተ! በ2003 ዓ.ም. የጸደቀው የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲም ከመደበኛው ክስ ውጪ ነገር በእርቅና በስምምነት የሚያልቅበትን መንገድ ይቀበላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 በባህልና በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን የሚያነሳው ለቤተሰብና ለግል ጉዳይ ነው፤ ወንጀሉን ዝም ብሎታል። ጎረቤታችን ኦሮሚያ በ2013 ዓ.ም. የባህል ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ አቋቁማለች፤ ጥሩውንም ጉድለቱንም ሄዶ ማየት ነው። ቅርብ ነው፣ ከከሚሴ አይርቅም። (ሳቅ) ስለ ጦርነቱ ትልልቅ በደሎች የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ሚያዝያ 2016 ላይ ወጥቷል፤ እሱ የራሱ ቀን ይፈልጋል፣ ዛሬ አልገባበትም። እኔ የማወራው ስለ በሬ ነው፣ ስለ ስልክ ቅሚያ፣ ስለ ሰፈር ድብድብ።

በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች ያሉት አባቶቻችን ናቸው፤ ፍርድ ሲሉ ሰው ማሰር ብቻ የሚመስለን እኛ ነን።

ደከማችሁ? ሦስተኛውን ባጭሩ።

ቅሬያችን ስንት ድንኳን አለው? ስንት ወንበር፣ ስንት ድስት፣ ስንት ሰታቴ? ባንክ ያለውን ገንዘብ አልጠይቅም፣ ገንዘብ ያዡ ደንግጦ እያየኝ ነው። (ሳቅ) ያ ሁሉ ለማን ነው? ለሞተ ሰው። ሰው ሲሞት ወሎ ይደርሳል። ሰው በቁሙ ሲሞትስ? የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ፒያሳ አስፋልት ዳር ተደግፎ ሲውል፣ ያ ልጅ ለቅሬው ምን ያህል ይርቃል? እናቱ በየወሩ መዋጮ የምትከፍል አባል ናት እኮ።

አሜሪካን አገር ችካጎ ውስጥ ወንጀል የበዛበት ሰፈር ልጆች ለስምንት ሳምንት የክረምት ሥራ ተሰጣቸው። ትልቅ ሥራ አይደለም፤ በሳምንት ሃያ አምስት ሰዓት፣ ከአንድ ትልቅ ሰው ክትትል ጋር። ዕጣ ወጥቶላቸው ሥራውን ያገኙት ልጆች ካላገኙት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በአሥራ ስድስት ወር ውስጥ በሰው ላይ ጉዳት በማድረስ መያዛቸው 43 በመቶ ቀነሰ። ኒውዮርክ ደግሞ በመንግሥት የመኖሪያ ሰፈሮች ተጨማሪ መብራት ተተክሎ፣ ማታ ከቤት ውጭ የሚፈጸም ከባድ ወንጀል 36 በመቶ ያህል ቀነሰ። መብራት! አምፖል! የሆጤን ቁልቁለት፣ የቧንቧ ውኃን መታጠፊያ አስቡት እስቲ። ስልክ የሚነጠቀው የት ነው? መብራቱ የጠፋበት ነው። የአሜሪካዋ ቴክሳስም አለች፤ እንደምታውቁት ለወንጀለኛ የምትራራ አገር አይደለችም። በ2007 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እስር ቤቱ ሞልቶ አዲስ ልትሠራ ስትል የምክር ቤት አባሎቿ ቢያሰሉት ገንዘቡ አይቀመስም። ስለዚህ 241 ሚሊዮን ዶላር ለሱስ ሕክምናና ለአመክሮ ክትትል መደቡ። ራርተው አይደለም፣ አስልተው ነው። የሁለቱ በሬዎች ስሌት ነው።

እኛስ? በኔ ሰፈር ቅሬ ከሦስት ዓመት በፊት ተጨቃጭቀን፣ አንድ እሑድ ሙሉ ተጨቃጭቀን፣ ከእስር ለሚወጡ የሰፈራችን ልጆች አንድ ሰው ዋስ እንዲሆን ወሰንን። ከእስር የወጣ ሰው ሥራ ልግባ ሲል የአሻራ ማስረጃ አምጣ ይባላል፤ አሻራው ደግሞ ታሪኩን ይናገራል። ዋስ ከሌለው ማንም አይቀጥረውም። ሦስት ልጆች ያዝን። አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ ለባለቤቱ የቀን ገቢውን ማታ ማታ ያስገባል፤ አንድ ቀን አላጎደለም። አንዱ ጋራዥ ውስጥ ነው። ሦስተኛው በአራተኛ ወሩ የጋራዡን ዕቃ ይዞ ጠፋ፣ ተያዘ፣ ተመለሰ እስር ቤት። ዋሱ እኔ ነበርሁ። ዕቃውን ከጡረታዬ ከፍዬአለሁ፤ ባለቤቴ እዚህ ስላለች ይህን ሳልደብቅ መናገር ግድ ነው። (ሳቅ) ከሦስት ሁለት። ከዚህ የተሻለ ቁጥር ቢኖረኝ እነግራችሁ ነበር።

«ታዲያ ሌባ ይማር ነው የምትለን?» የሚል ሰው ካለ፣ አለ፣ እዚያ ጋ እጁን አውጥቷል፣ አይቼሃለሁ ወንድሜ። አልማርነውም። ሁለተኛው፣ ጋራዥ የሚሠራው ልጅ፣ የሰረቃትን ስልክ ዋጋ ለባለቤቷ ከደመወዙ በየወሩ እየከፈለ ነው፤ ልጅቷም ጋራዡ ድረስ መጥታ የልቧን ነግራዋለች፤ ነጠላዬን የቀደድህበትን ቀን እስክሞት አልረሳም ብላ። ቆሞ ሰማ። ላብ በላብ ሆኖ ሰማ። ይህ ምሕረት ነው? እኔ እሱን ብሆን ስድስት ወር መታሰር እመርጥ ነበር።

የምለምናችሁ ነገር ትንሽ ነው። በሚቀጥለው ወር እያንዳንዱ ቅሬ አንድ ጉዳይ ይዞ ይምጣ፤ ከባድ አይሁን፣ ስርቆት ወይም ድብድብ። የተበደለው ሰው ቃል በራሱ አፍ የተነገረ፣ ተጽፎ ይምጣ። ከሴቶቹም ከየቅሬው ሁለት ሁለት ሰው ይመረጥ፤ ወረቀቱ ከበሩ አጠገብ ነው። ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሄጄ የማነጋግረው እኔ ነኝ፤ እግሬ ነው እንጂ አፌ ጡረታ አልወጣም።

እሺ፣ ጥያቄ አለ? እዚያ ጋ እናቴ እጃቸውን አንሥተዋል። ይበሉ።

(አንዲት እናት፦ «ያቺ በሬዋ የተወሰደባት ሴት፣ ምን ሆነች?»)

...

ያን ዓመት መሬቱን በሰጧት ድርሻ አሳረሰች። በዓመቱ ፍየሎቿን ሸጠች ሲሉ ሰምቻለሁ። ትልቁ ልጇ ትምህርቱን ትቶ ወደ ጂቡቲ ሄደ ብለውኛል፤ ያን የነገረኝ ችሎት አስከባሪው ነው፣ እንደ ቀልድ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም፣ እማማ። ያ ወረዳ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ቤቷ ከመንገዱ ዳር ነው፣ በቅሎዬ ላይ ሆኜ ስንት ጊዜ በደጇ አልፌአለሁ። ወርጄ አልጠየቅኋትም።

ቡናው ደርሷል መሰለኝ። ኑ እንጠጣ።